ሰላጣውን አጠብነው፤ አፈሩንስ?

በአዲስ አበባ ጓዳ ሰላጣ ሳይታጠብ አይበላም። አንዷ በሎሚ፣ ሌላዋ በአቼቶ፣ ጠንከር ያለችዋ ደግሞ በጥቂት በረኪና ትዘፈዝፈዋለች። አሜባና ታይፎይድ ያስተማሩን ትምህርት ነው። ቆስጣና ጎመንማ ከእሳት ስለሚደርሱ ብዙም አንሰጋላቸውም፤ «እሳት ያየ ነገር ምን ይሆናል?» እንላለን። እኔም ይህን ልማድ የምነቅፍ ሰው አይደለሁም፤ በቤቴ የሚደረገው ይኸው ነው። ነገር ግን በዚያው ቅጠል ውስጥ ሎሚም፣ አቼቶም፣ በረኪናም፣ እሳትም የማያወጡት ሌላ ነገር ሊኖር እንደሚችል ስንቶቻችን አስበን እናውቃለን?

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ ነገር ነው። ባለሙያዎቹ «ከባድ ብረቶች» ይሏቸዋል፤ ካድሚየም፣ እርሳስ፣ ክሮሚየም፣ አርሰኒክና መሰሎቻቸው ናቸው። ጀርም ከቅጠሉ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ነው፤ ሲያጥቡት ይሄዳል፣ ሲያፈሉት ይሞታል። ብረቱ ግን ከአፈሩ በሥር በኩል ተስቦ ስለሚገባ የቅጠሉ አካል ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ጉዳዩን በጓዳ ልንጨርሰው አንችልም። መፍትሔው የሚጀምረው ከአፈሩ፣ ከአፈሩም አልፎ አፈሩን ካጠጣው ውኃ ነው።

ሁሉም ብረት ጠላት አይደለም

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። ብረት በአፈር ውስጥ መገኘቱ በራሱ ጥፋት አይደለም። አፈር ከድንጋይ የተገኘ እንደመሆኑ መጠን ድንጋዩ የያዘውን ሁሉ በመጠኑ ይይዛል። ንጹሕ በምንለው አፈር ውስጥም ጥቂት እርሳስና ጥቂት ካድሚየም አይጠፋም። ከዚህም በላይ ዚንክና መዳብን የመሳሰሉት ለተክሉም ለሰውም በጥቂቱ የግድ ያስፈልጋሉ። ዚንክ ያጣ ሕፃን እድገቱ ይገታል፤ መዳብ ያጣ ስንዴም ፍሬው ይመነምናል። የእነዚህ ጉዳት የሚመጣው ልክ ሲያልፉ ነው። ካድሚየምና እርሳስ ግን ለሰው ሰውነት የሚሰጡት አንድም የታወቀ ጥቅም የለም፤ ጥቂቱም ቢሆን እዳ ነው።

ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው ጠባይ ግን አለ፤ አይበሰብሱም። ጀርምን ፀሐይ ይገድለዋል። የተባይ መድኃኒት አንዱ ፈጥኖ ሌላው ዘግይቶ ይሰባበራል። የወጥ ቤት ጥራጊ በስብሶ ለአፈሩ ምግብ ይሆናል። ካድሚየም ግን ንጥረ ነገር ስለሆነ ከዚያ ወዲያ የሚፈርስበት የለውም። ዛሬ ማሳ ላይ የወደቀ ካድሚየም ከመቶ ዓመት በኋላም ካድሚየም ነው። ወይ ጎርፍ አጥቦ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል፣ ወይ ተክል ይስበዋል፣ አለበለዚያ ከወደቀበት ይቀመጣል። ሸክላነት ያለው አፈር ላይ ከወደቀ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው መቀመጥን ነው።

አቃቂ የተሸከመው

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። አዲስ አበባ የሁለት አቃቂዎች ከተማ ናት። ትንሹ አቃቂ በምዕራብ በኩል፣ ትልቁ አቃቂ ደግሞ ከእንጦጦ በኩል ተነስቶ በምሥራቅ፣ ከተማዋን አቋርጠው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። የሚገናኙት በአገሪቱ ከቀደምቶቹ የውኃ ኃይል ማመንጫ ግድቦች አንዱ በሆነው በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዳቸው ወደ አዋሽ ነው። በእነዚህ ወንዞችና በገባሮቻቸው ዳርቻ፣ በቄራ፣ በመካኒሳ፣ በላፍቶ፣ በአቃቂና በሌሎችም ሰፈሮች፣ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር ለአሥርተ ዓመታት እየተመረተ ለከተማዋ ገበያ ሲቀርብ ኖሯል።

የአገሪቱ ፋብሪካዎች ትልቁ ክፍል ደግሞ ለረጅም ዘመን የተተከለው እዚሁ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ነው። ብዙዎቹም ወንዝ ይቀርባሉ። ውኃ ለመቅዳት ይመቻል፤ እጣቢ ለመልቀቅም እንዲሁ። ቆዳ ፋብሪካን ብንወስድ ጥሬውን ቆዳ ለማልፋት የክሮሚየም ጨው ይጠቀማል። በተለመደው አሠራር ቆዳው ከቀረበለት ክሮሚየም የሚጠጣው ከ60 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ነው። ቀሪው ከእጣቢው ጋር ይወጣል፤ እጣቢው ሳይጣራ ከተለቀቀ መድረሻው የታወቀ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያው፣ ቀለም ፋብሪካው፣ ብረት ቅብ ቤቱ፣ ያረጀ ባትሪ የሚፈታበት ሰፈርና የተቃጠለ ዘይት ወደ ቦይ የሚደፋው ጋራዥም የየድርሻቸውን ያዋጣሉ።

እርሳስ ደግሞ በአየርም መጥቷል። ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ይጨመር በነበረበት ዘመን ከመኪና ጭስ ማውጫ የሚወጣው እርሳስ መንገድ ዳር ባለው አፈር ላይ ሲወርድ ኖሯል። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እ.ኤ.አ. እስከ 2006 መጀመሪያ ድረስ ይህን ቤንዚን ትተውታል፤ ዓለምም በጠቅላላ በመኪና መጠቀሙን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ቤንዚኑ ቀረ፤ አፈር ላይ የወረደው እርሳስ ግን አብሮ አልቀረም።

ነገሩ ግምት ብቻም አይደለም። ተመራማሪው ፍስሐ ኢታና በአዲስ አበባ የሚበቅሉ ቅጠላማ አትክልቶች የያዙትን ብረት መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 በሳይንስ መጽሔት አሳትመዋል። ጥቅል ጎመን ከሰላጣና ከቆስጣ ያነሰ ብረት የያዘ ሆኖ መገኘቱን ያመለከቱት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህም ሌሎች ተመራማሪዎች የአቃቂን ውኃ፣ አፈርና አትክልት ደጋግመው መርምረዋል። እንግዲህ ችግሩ መኖሩ ከተነገረ ከሃያ ዓመት በላይ አልፏል ማለት ነው።

የአፈሩ ሒሳብ

«ወንዙ ውስጥ ያለው ብረት እኮ ጥቂት ነው» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ነገር ግን አፈር የሚከፍለው በአንድ ሊትር አይደለም። እስቲ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዘን እናስላው።

የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ለመስኖ ውኃ ባወጣው መመሪያ የካድሚየም ጣሪያ በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ሄክታር አትክልት በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ ውኃ ይጠጣል እንበል። ውኃው ልክ ከጣሪያው ላይ ቢሆን፣ ማለትም በመመሪያው መሠረት «ይፈቀዳል» የሚባል ውኃ ቢሆን፣ በዓመት 100 ግራም ካድሚየም ማሳው ውስጥ ይገባል። በ25 ዓመት 2.5 ኪሎ ግራም ይሆናል።

አሁን ደግሞ ወደ አፈሩ እንሂድ። የአንድ ሄክታር የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ክብደቱ 2,600 ቶን ያህል ነው። 2.5 ኪሎ ግራም ካድሚየም በዚህ አፈር ላይ ሲከፋፈል በአንድ ኪሎ ግራም አፈር ወደ 1 ሚሊ ግራም ይጠጋል። ይህ ቀድሞ ከነበረው በላይ የተጨመረ ነው። ብዙ አፈር በተፈጥሮው የሚይዘው ካድሚየም ከዚህ ያነሰ ስለሆነ አፈሩ ከነበረበት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ተሸከመ ማለት ነው።

«ታዲያ ሰብሉ ይዞት አይወጣም ወይ?» ይባል ይሆናል። ይህንንም እናስላ። ከዚያው ሄክታር በዓመት በተደጋጋሚ ተቆርጦ 60 ቶን ሰላጣ ተነሳ እንበል። ሰላጣው ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለቅጠላማ አትክልት የፈቀደውን ጣሪያ፣ በኪሎ ግራም 0.2 ሚሊ ግራም ካድሚየም፣ ሞልቶ ቢይዝ ከማሳው የሚያወጣው 12 ግራም ብቻ ነው። በአንድ በኩል 100 ይገባል፤ በሌላ በኩል 12 ይወጣል። ውኃው ዛሬ ቢጸዳ እንኳ የተጠራቀመውን 2.5 ኪሎ ግራም በሰላጣ ብቻ አውጥቶ ለመጨረስ ከ200 ዓመት በላይ ይፈጃል። ያውም የሚወጣው ወደ ሌላ ቦታ ሳይሆን ወደ እኛ ሳህን ነው።

አፈሩን ጠርጎ መቀየርስ? 2,600 ቶን ማለት 20 ቶን በሚጭን ገልባጭ መኪና 130 ምልልስ ነው፤ ለአንድ ሄክታር ብቻ። ያንኑ ያህል ንጹሕ አፈር ደግሞ ከሌላ ሰው ማሳ ተቆርጦ መምጣት አለበት። የተነሳውስ የት ይደፋል? ወንዝ ክረምት ሲመጣ ይታጠባል፤ አፈር ግን ሒሳቡን አይረሳም የምለው ለዚህ ነው።

ከአፈር ወደ ቅጠል

አፈር ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ ግን ሳህናችን ላይ አይደርስም። እዚህ ላይ ሦስቱን ለይቶ ማየት ይጠቅማል።

ክሮሚየም ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣበት ዓይነት ከአፈሩ ጋር አጥብቆ ይጣበቃል፤ ተክሉ ቢስበውም አብዛኛው ሥሩ ላይ ይቀራል። የሚያስፈራው ወደ ሌላው መልኩ፣ ስድስት ቫለንት ወደሚባለው፣ ሲለወጥ ነው። እሱ በውኃ የሚሟሟና ካንሰር አምጪ ነው።

እርሳስም ከሥር ወደ ቅጠል ለመውጣት ሰነፍ ነው። ቅጠል ላይ የምናገኘው እርሳስ በአብዛኛው ከአቧራና ዝናብ ሲዘንብ ከሚፈናጠር አፈር የመጣ ነው። ስለዚህ ለእርሳስ መታጠብ በእርግጥም ይጠቅማል። ይህን ማለት ያለብኝ ማጠብን ከንቱ አድርጌ እንዳልታይ ነው።

ሦስተኛው፣ ካድሚየም፣ ግን ተንኮለኛው ነው። ተክሉ ከሚፈልገው ከዚንክ ጋር ስለሚመሳሰል ሥሩ ዚንክ የተቀበለ እየመሰለው በዚያው በር ያስገባዋል። ቅጠል ድረስም ያለ ችግር ይወጣል። ቅጠሉም አይጠወልግም፣ ቀለሙም አይለወጥም። ገበያ ላይ ቆመን ለምለሙን ቆስጣ ስንመርጥ ዓይናችን ስለ ካድሚየም የሚነግረን ምንም የለም። ስናፈላውም እንፋሎት ሆኖ አይሄድም።

በአጠቃላይ ቅጠላቸው የሚበላው ሰላጣ፣ ቆስጣና ስፒናች አብዝተው ይስባሉ። ሥራቸው የሚበላው እንደ ካሮት ያሉት ይከተላሉ። ፍሬያቸው የሚበላው እንደ ቲማቲም፣ በቆሎና ባቄላ ያሉት ግን ያነሰ ይይዛሉ። ብረቱ ከሥር ተነስቶ ፍሬ እስኪደርስ ብዙ ስለሚንጠባጠብ ነው።

የአፈሩም ዓይነት ይለያል። ኮምጣጣ አፈር ካድሚየምን ለቀቅ ያደርገዋል፤ ተክሉም ያገኘዋል። አቃቂ አካባቢ በብዛት ያለው መረሬ ግን ሸክላው ብዙ፣ ኮምጣጤነቱ ትንሽ ስለሆነ ብረትን አጥብቆ ይይዛል። ይህ ለበላተኛው በጎ ዜና ይመስላል፤ በከፊልም ነው። ሆኖም አጥብቆ የሚይዝ አፈር አብዝቶ የሚያጠራቅም አፈር ነው። ጥሩ አፈር እዳውን ለረጅም ጊዜ ይደብቅልናል እንጂ አይከፍልልንም።

ጃፓኖች የከፈሉት ዋጋ

እዳው ሳይታይ ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ ምን እንደሚመስል የሚያውቁት ጃፓኖች ናቸው። በቶያማ ግዛት ጂንዙ የሚባል ወንዝ አለ። ከላይ በካሚዮካ የሚትሱይ ኩባንያ የዚንክና የእርሳስ ማዕድን ያወጣ ነበር። የማዕድኑ እጣቢ ካድሚየም ይዞ በወንዙ ይወርዳል፤ ከታች ያሉት ገበሬዎች በዚያው ውኃ የሩዝ ማሳቸውን ያጠጣሉ፤ ሩዙን ይበላሉ።

ከጊዜ በኋላ በእነዚያ መንደሮች አንድ እንግዳ በሽታ ታየ። በተለይ ብዙ የወለዱና ዕድሜያቸው የገፋ እናቶች አጥንታቸው እየሳሳ፣ ሲያስሉ እንኳ እየተሰበረ፣ ሌት ተቀን «ኢታይ ኢታይ» እያሉ ይጮኹ ጀመር። በእኛ ቋንቋ «አመመኝ፣ አመመኝ» እንደማለት ነው። የበሽታውም ስም ይኸው ሆኖ ቀረ። የጃፓን መንግሥት በሽታው ከካድሚየም የመጣ መሆኑን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ተጎጂዎቹም በዚያው ዓመት ኩባንያውን ከሰው በ1971 ረቱ፤ በይግባኙም በ1972 ጸናላቸው።

ከዚያ አፈሩ ቀረ። የተበከለውን አፈር ቀብሮ ንጹሕ አፈር ከላይ የማልበሱ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1979 ተጀምሮ ያለቀው በ2012 ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት! የታደሰው ማሳ 863 ሄክታር ሲሆን ወጪው ከ40 ቢሊዮን የን በላይ ደርሷል። ይህን ማድረግ የቻለችው በሀብቷ ከዓለም ቀዳሚ ከሆኑት አንዷ የሆነች አገር ናት። እኛስ?

የአቃቂ ዳር ነዋሪ ኢታይ ኢታይ ይዞታል እያልኩ አይደለም። በጂንዙ የነበረው የካድሚየም መጠን እጅግ የበዛ ነበር፤ ሰዎቹም በየዕለቱ ከዚያው ማሳ የተገኘ ሩዝ ይበሉ ነበር። ትምህርቱ ግን ለእኛም ይሠራል። ካድሚየም በኩላሊት ውስጥ ሲገባ ግማሹ እንኳ ለመውጣት ከ10 እስከ 30 ዓመት ይወስዳል። ሰውነትም እንደ አፈሩ ያጠራቅማል ማለት ነው። ደሟ ያነሰ፣ የብረት ማዕድን ያጠራት ሴት ደግሞ ካድሚየምን ከሌላው ሰው አብልጣ ከምግቧ ትመጣለች። እርሳስ የሚጎዳው ከሁሉ በላይ የሕፃናትን አእምሮ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ስለዚህ ነገሩ ከማንም በፊት የሚመለከተው ነፍሰ ጡሮችንና ልጆችን ነው።

ከፋብሪካ ብቻ አይመጣም

ጣታችንን ወደ ፋብሪካ ብቻ ቀስረን እንዳንቀር አንድ ነገር ልጨምር። ብረት በማዳበሪያ ጆንያም ይገባል። ፎስፌት ያለበት ማዳበሪያ የሚሠራበት ድንጋይ እንደየአገሩ ጥቂትም ብዙም ካድሚየም ይይዛል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በዚህ ላይ ጣሪያ አስቀምጧል። በየዓመቱ ማዳበሪያ ከውጭ የምትገዛ አገር ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ካድሚየሙንም መጠየቅ ይኖርባታል።

መዳብም አለ። የወይን ተክልን ከሻጋታ ለማዳን ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. ከ1880ዎቹ ጀምሮ መዳብና ኖራ ቀላቅለው ሲረጩ ኖረዋል። ዛሬ በአሮጌ የወይን ማሳዎች አፈር ውስጥ ያ መዳብ ተከማችቶ ይገኛል፤ የምድር ትልንና አፈሩን የሚያለሙ ጥቃቅን ፍጥረታትን ስለሚጎዳም የአውሮፓ ኅብረት በሰባት ዓመት ውስጥ በአንድ ሄክታር ከ28 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። ጎረቤታችን ኬንያም በቡና እርሻዎቿ ላይ ለአሥርተ ዓመታት መዳብ ስትረጭ ቆይታ በቡናው ሥር ያለው አፈር መዳብ ማጠራቀሙን ተመራማሪዎች ለክተዋል። የቡና ፍሬ በሽታ ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። እኛ ዘንድ በጅማ የምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ስለተመረጡና አብዛኛው ገበሬም መዳብ ስለማይረጭ የቡና መሬታችን በአመዛኙ ከዚህ ዕዳ ድኗል። ይህ ሀብት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ሀብት ብለን አንቆጥረውም።

አትክልተኛው ምን ያድርግ?

በዚህ ጉዳይ ላይ ሲጻፍ ጥፋቱ ቶሎ ብሎ የሚወድቀው በአትክልተኛው ላይ ነው። «በቆሻሻ ውኃ እያጠጡ ይመርዙናል» ይባላል። ከዓመታት በፊት ከአንድ አዛውንት የወንዝ ዳር አትክልተኛ ጋር ስንጫወት «አባባ፣ ይህ ውኃ አያስፈራዎትም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «እኛ እዚህ ስንገባ ውኃው ይጠጣ ነበር። እኛ አልመጣንበትም፤ እሱ ነው የመጣብን። ጥቁር ሆኖ የወረደ ቀን ሞተሩን አጥፍተን እንቀመጣለን። በማግስቱ ግን ልጆቹ መብላት አለባቸው።»

መልሱ ብዙ ጊዜ ትዝ ይለኛል። አትክልተኛው ዓይኑ የሚያየውን ጥቁር ውኃ ሊሸሽ ይችላል፤ ካድሚየም ግን ውኃውን አያጠቁርም። ከዚያ ማሳ በመጀመሪያ የሚበሉት ደግሞ እርሱና ልጆቹ ናቸው። በቆሻሻው ያተረፈው ሌላ፣ የሚከሰሰው ሌላ መሆን የለበትም።

ሕግ ጠፍቶም አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159 ደግሞ ነባር ፋብሪካዎች እንዲያስተካክሉ የአምስት ዓመት ጊዜ ሰጥቷቸው ነበር። አምስቱ ዓመት ካለፈ ቆይቷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ወንዝ የሚበክሉትን በገንዘብ የሚቀጣ ደንብ አውጥቷል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የወንዝ ዳርቻ ልማትም የብዙ ቦታዎችን መልክ ለውጧል። የተበከለ ማሳ መናፈሻ መሆኑ ክፋት የለውም፤ ሣሩን የሚበላው የለምና። ነገር ግን አትክልቱ ከወንዙ ዳር ሲነሳ ወዴት ሄደ? ከከተማዋ በታች ያለው ገበሬም ያንኑ ውኃ ነው የሚጠቀመው።

ምን ይሻላል?

የመጀመሪያውና ዋናው ነገር ከምንጩ መዝጋት ነው። ከላይ ያየነው ሒሳብ የሚለን ይህንን ነው፤ በየዓመቱ የሚገባው 100 ሳይቆም ስለ ሚወጣው 12 ማውራት ዋጋ የለውም። ፋብሪካው ክሮሚየሙን በግቢው ውስጥ መልሶ መያዝ ይችላል። እጣቢው ከኖራ ጋር ሲቀላቀል ክሮሚየሙ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ይህ ዘዴ የተለመደና ለዓመታት የተሠራበት ነው። ያረጀ ባትሪም ሰብሳቢ ቢኖረው ቦይ ውስጥ አይፈስም።

ሁለተኛው መለካት ነው። የትኛው ማሳ ምን ያህል ብረት እንደያዘ የሚያሳይ ካርታ ያስፈልጋል፤ ለሕዝብም ይፋ ይሁን። ሳይለኩ ሁሉንም መከልከል ንጹሑን አትክልተኛ መበደል ነው፤ ሳይለኩ ሁሉንም መፍቀድ ደግሞ በላተኛውን።

ሦስተኛው ለማሳው የሚስማማ ሰብል መምረጥ ነው። ጥቂት በተበከለ መሬት ላይ ከሰላጣና ከቆስጣ ይልቅ ቲማቲም፣ በቆሎ ወይም ባቄላ ማምረት የበላተኛውን ድርሻ ይቀንሳል። ክፉኛ በተበከለው ላይ አበባና የችግኝ ጣቢያ ይሻላል። በቀይና ኮምጣጣ አፈር ላይ የግብርና ኖራ መጨመር፣ በሁሉም ላይ ደግሞ ብስባሽ ማብዛት ካድሚየምን ይይዘዋል። ብስባሹ ግን ከከተማ ቆሻሻ የሚሠራ ከሆነ እሱም ይለካ፤ ባትሪና ቀለም ከተቀላቀለበት ብረቱን እኛው በጆንያ አድርሰነው አረፍን ማለት ነው።

ለቤት እመቤቷም የምለው አለኝ። ይህን አንብባችሁ ጎመን እንዳታቆሙ። አትክልት አለመብላት የሚያስከትለው ጉዳት የታወቀ ነው። በደንብ እጠቡ፤ አቧራውና ጭቃው ከነእርሳሱ ይሄዳል። ካሮትና ድንቹን ላጡ። ሁልጊዜ ከአንድ ሰው፣ ከአንድ ቦታ፣ አንድ ዓይነት ቅጠል ከመግዛት አፈራርቁ። ምስር፣ ጤፍና ሥጋን የመሰለ ብረት ያለበት ምግብ በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለልጆች አይጉደል። ሻጯንም «ይህ ቆስጣ ከየት መጣ፣ እናቴ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ሰው ሲጠይቅ ጨዋታ ነው፤ ገበያው ሁሉ ሲጠይቅ ግን ከላይ ያለው ሰው ይሰማዋል።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ጃፓኖች ከተቃጠለ በኋላ ደርሰው ሠላሳ ሦስት ዓመት ፈጀባቸው። እኛ ዘንድ ገና በቅጠሉ ላይ ነን፤ ማሳውን የመለካትና እጣቢውን የመዝጋት ወጪም ዛሬ ካለው ይልቅ ነገ ይብሳል። ሰላጣውን ማጠብ የእኛ የቤት ሥራ ነው፤ እሱን እንቀጥል። ውኃውንና አፈሩን ግን እኛ በሎሚ ልናጥባቸው አንችልም። እነሱን ማጽዳት ያለበት ያቆሸሻቸውና የመቆጣጠር ሥልጣን የተሰጠው አካል ነው።

ቸር እንሰንብት።